የአያ ውበቴ ፊርማ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፤ ቢቸና የሚገኘው የጡረታ መክፈያ ቢሮ የጣት ማተሚያ ቀለሙን በጭብጨባና በመፈክር ከሥራ ማሰናበቱን በታላቅ አብዮታዊ ደስታ ያስታውቃል። ቀለሙ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ያገለገለ ቢሆንም ጡረታ አልተቆረጠለትም።

ዘመኑ ፲፱፻፸፬ ነው። መሃይምነት ስለተደመሰሰ ከእንግዲህ ጣቱን የሚነክር የለም ተባለ። ከመክፈያው መስኮት በላይም ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፦ «ጣት ማተም ድሮ ቀረ!»

ይህን አዋጅ ከልባቸው ያመኑ አንድ ሰው ነበሩ፤ አያ ውበቴ። ቢቸና ላይ የፍርድ ቤት ዘበኛ ሆነው የሰው ክስ ሲጠብቁ ኖረው፣ የራሳቸውን ስም ሳያነቡ ጡረታ ወጡ። አገራቸው ሞጣ ገብተው ከጎረቤታቸው ከነጋዴዋ ዘይዳ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ መሠረተ ትምህርት ተማሩ።

«የእርስዎ ‹ው› እኮ ታነክሳለች!» ትላቸዋለች ዘይዳ።

«ያንቺስ ‹ዘ› መች ቆማ ሄደች?»

ፊደል እንደቆጠሩ በጉንደ ወይን በኩል አቧራ ለብሰው ቢቸና መስኮቱ ፊት ደረሱ። ብዕራቸው የኮት ኪሳቸው ላይ ተሰክቷል።

«ወዲህ በል ጓድ ገብረ ኪዳን፣ ልፈርም።»

ከፋዩ ገብረ ኪዳን ካርዳቸውን አገላበጠ። «እዚህ ያለው ጣት ነው። ፊርማ ከጣት ጋር አይመሳሰልም።»

«እንዴት ብሎ ይመሳሰላል?»

«እኮ! ስለማይመሳሰል አልከፍልም። ጣትዎን ያትሙ።»

«በምን ቀለም?»

«ቀለም ተከልክሏል።»

በሌላ ወር ይመለሱ ተባሉ፤ ተመለሱ። መልሱም እንደነበረ ጠበቃቸው። ሞጣ ላይ ዘይዳ ጨውና በርበሬ በዱቤ እየሰፈረችላቸው፣ «ቀለም ከየትም ፈልገው፣ ጣትዎን ሰጥተው ለምን አይገላገሉም?» አለቻቸው።

«ታዲያ ካንቺ ጋር ያን ሁሉ ቀን ምን ልሠራ ተቀመጥሁ?»

በሚቀጥለው ወር ገብረ ኪዳን ራራ። ግራ ቀኝ ገልመጥ ብሎ የቢሮውን ማኅተም ቀለም በመስኮቱ ሥር ገፋ አደረገው፤ ማኅተም መቼም መሃይም ተብሎ አያውቅም። «ቶሎ ነካ ያድርጉ አባቴ፣ ማንም አያይም።»

አያ ውበቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀና አሉ።

«ጣት… ማተም… ድሮ… ቀረ» አሉ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ።

«ኧረ ድምፅዎን!»

አሁንም ጮኽ ብለው ደገሙት። የጡረተኛው ሰልፍ በሙሉ ወደ ጨርቁ አንጋጠጠ። ከመክፈያው አጠገብ ያለው የካድሬው ቢሮ በር ሲጥ አለ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ገብረ ኪዳን፣ ወደ በሩ እየተገላመጠ።

«ማንበብ።»

የመፈረሚያው ወረቀት ወዲያው በመስኮቱ ወጣ። አያ ውበቴ ብዕራቸውን መዘዙ። ሰልፉ አንገቱን አስግጎ ጠበቃቸው፤ ‹ው›ም እያነከሰች ደረሰች።

ገንዘባቸውን ተቀብለው ሊሄዱ ሲሉ ገብረ ኪዳን በለሆሳስ ጠራቸው።

«አያ ውበቴ፣ ለበላይ መግለጫ መጻፍ አለብኝ። ጣት የነበረው ሰው በምን ምክንያት ፊርማ ሆነ ልበል?»

የብዕራቸውን ክዳን ገጥመው ኪሳቸው ላይ ሰኩት።

«አልነግርህም። ከመስኮትህ በላይ ተጽፎልሃል፤ አንብበው።»