ጆሮ ለባለቤቱ

«ይኼኛውም ጥርስ የለውም» አለ አቀናባሪው፤ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ጥርስ የሚለው ሃይሃትን ነው፤ እነዚያን እርስ በርስ እየተነካኩ ጺስ ጺስ የሚሉ ሁለት ስስ ሳህኖች። ትልቁ ከበሮ ሆድ፣ ትንሹ ከበሮ ደረት፣ ሃይሃት ጥርስ ነው ይላል፤ ጥርስ የሌለው ከበሮ ደግሞ ዘፈን አያኝክም። በእጁ ያለፈ ዘፋኝ ሁሉ ይቺን ጨዋታውን በቃሉ ያውቃታል።

አሮጌው ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ አዲስ ሲያስገባ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት የከበሮ ሶፍትዌር አዲሱ ላይ አልከፈት አለው። ሠሪዎቹም ሥራውን ከተዉት ቆይተዋል። ስለዚህ ለሙከራ በነፃ የሚለቀቁ ሦስት ሶፍትዌሮች አወረደና እንከን ሲያወጣላቸው ሰነበተ። ለሦስቱም ስም ሰጥቷቸዋል። አንዱ «አዳራሹ» ነው፤ እውነተኛ ከበሮ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተመትቶ የተቀዳበት፣ ሲከፈት ኮምፒውተሩን የሚያስቃትት። ሁለተኛው «ቆርቆሮው»፤ የድሮ የከበሮ ማሽኖችን ድምፅ የሚያስመስል። ሦስተኛው «የሕፃናቱ» ነው። በዚህኛው ላይ ስክሪኑን የሞሉት ባለቀለም ካሬዎች ናቸው፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር የራሱ ካሬ ይበራል፣ ድምፁ ሲጨምር ያብጣል፣ ሲበዛ ይቀላል። የሞከረው ቀን የሃይሃቱ ካሬ ቀልቶ አልመለስ ስላለው፣ «ይኼ ጭራሽ የተበላሸ ነው» ብሎ ዘግቶታል።

ባይበላሽም አይወደውም ነበር። «ሙዚቃ በዓይን አይሠራም» ማለት ልማዱ ነው። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ጀማሪ ካየ፣ «ዘፈኑን እየሰማኸው ነው ወይስ እያነበብከው?» እያለ ያሸማቅቀዋል።

ሥራው ከቀዘቀዘ ሰንብቷል። ድሮ ወረፋ ይጠብቁት ከነበሩት ዘፋኞች አንዱ ትንሽ ልረፍ ይላል፣ ሌላው ስልክ አያነሳም፣ የሌላውን አዲስ ዘፈን ደግሞ ሌላ ሰው አቀናብሮት በሬዲዮ ይሰማዋል። አቀናባሪው ጥፋቱን በከበሮው ላይ አላከከ። ከበሮዬ አርጅቷል፣ ደህና ሶፍትዌር ካገኘሁ ሁሉም ይመለሳሉ ብሎ ራሱን አሳመነ። ያልሸሸችው አንዲት የሠርግ ዘፋኝ ብቻ ናት፤ ገና ድምፅዋ ሳይበስል ጀምሮ የሠራላት። እሷም የአዲሱን ዘፈኗን ከበሮ ልትሰማ ዛሬ ረፋዱ ላይ መጣች።

ሦስት ሶፍትዌር እየሞከረ መሆኑን ነግሯት አዳራሹን ከፈተላትና ሃይሃቱን እሱ ጥርስ እስከሚለው ድረስ ጨመረው። ዘፋኟ ፊቷን ቋጠር አደረገች። ከዚያ ሻርፗን የምታስተካክል መስላ ጆሮዎቿን ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም?»

«ምኑ?»

«ይኼ ጺስ ጺስ የሚለው።»

«አነሰ እንጂ» አለና ጨመረበት።

ቆርቆሮውን ሲያስከትል ከተቀመጠችበት ተነሥታ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች። እስኪያልቅ ታገሠችው። መናገሩ እንደከበዳት ያስታውቃል፤ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ትጠመዝዛለች።

«አትቀየመኝ ጋሼ፣ አንተ ነህ ያሳደግከኝ። ግን ያለፈውን ዘፈኔን ሠርግ ላይ ሲከፍቱት ሰዉ ጆሮውን ያዘ። ዲጄው መሀል ላይ አቋረጠው።»

«የዲጄው ስፒከር ነዋ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኳቸው» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም። «እስከ ነገ ካልተስተካከለ ድምፄን ብቻውን ላክልኝ። ሌላ ሰው ጋ ላስሞክረው።»

ድምፄን ብቻውን ላክልኝ ማለት በዚህ ሙያ ፍቺ ነው፤ ያውም ጭቅጭቅ የሌለበት፣ ልብስን ሰብስቦ በዝምታ የሚወጣበት። አቀናባሪው እሺ አላት። ከሄደች በኋላ ዘፈኑን ደግሞ ሰማው። ምንም አልበዛበትም።

ከስቱዲዮው ቀጥሎ ባለው ክፍል ሚስቱ መጋረጃ ትሰፋለች። ትዳራቸውን አጽንታ ያቆየችው በበሩ አናት ላይ ያለችው ቀይ አምፖል ናት ብለው ይቀልዳሉ፤ አምፖሏ ስትበራ ቀረጻ አለ ማለት ነውና ሚስት የስፌት መኪናዋን ታቆማለች፣ ስትጠፋ ትቀጥላለች። ዛሬ ጠፍታ ነው የዋለችው። አቀናባሪው ገብቶ የጨርቅ ጥቅልል ላይ ተቀመጠና ሆዱ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። የዘንድሮ ሰው ጆሮ የለውም አለ። የዲጄውን ስፒከር ረገመ፤ አዳራሹንም ቆርቆሮውንም አማረረ፤ በመጨረሻም ገንዘብ ከፍሎ ከእነዚህ የተሻለ አራተኛ ሶፍትዌር መፈለግ እንዳለበት ተናገረ። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ ቆየችና እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች።

«ስሰፋ ምን ይሰማሃል?» አለችው።

ግራ ገባው። «ምን ይሰማኛል፤ ዱግ ዱግ ይላል። እንደ ድሮው ነው።»

የመኪናዋን መንኮራኩር በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ ዓይኗ ግን እሱ ፊት ላይ ነበር። መርፌዋ ስትወርድና ስትወጣ አየ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ምንም አላለም።»

«ሲጢጥ ይላል» አለች። «ውጭ የቆመ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል። ድሮ አንዴ ሲጢጥ ካለ የዘይቱን ጠርሙስ ይዘህ እየተራገምክ ትመጣ አልነበር? አንድ ሰሞን ዘይት ማጠጣቱን ረሳሁና ሳትመጣ ቀረህ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ጠበቅኩህ።»

አቀናባሪው ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣ አለው። እጁን ሰዶ መንኮራኩሩን ራሱ አዞረው። ብረቱ ሲያንገራግር በጣቶቹ ታወቀው፤ በጆሮው ግን ምንም አልገባም። ያኔ የዲጄው ስፒከር፣ የዘፋኟ ሻርፕ፣ ስልክ የማያነሱት ሰዎች፣ ያ ቀልቶ የቀረው ካሬ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጡበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ይመስለው ነበር። በሙዚቀኞች ዘንድ ስንቱ ይህን ሲያወራው ከርሞ ይሆን ብሎ አሰበና አፈረ።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ሠዓሊን ዓይንህ ጠፍቷል ይሉታል?» መጋረጃውን ከመርፌው ሥር ሳበችው። «ነርሷን፣ የእህቴን ልጅ፣ የሰው ነገር አስመስዬ ጠይቄያታለሁ። በጩኸት ብዛት ቀስ እያለ የሄደ ጆሮ አይመለስም አለችኝ። የቀረው እንዳይሄድ መጠበቅ ነው እንጂ የሄደውስ ሄዷል።»

ፈራ። ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም፤ እንጀራውም ስሙም ጆሮው ነበር። ሚስቱ መጋረጃውን አጣጥፋ ስታስቀምጥ አያት፤ የሚቆጣበት ሰው ቢያገኝ ደስ ባለው፣ ግን ማንም አልበደለውም።

«ነይ እስቲ» አላት በመጨረሻ።

ስቱዲዮው ውስጥ ለማጽዳት ካልሆነ ገብታ አታውቅም። ከጎኑ በርጩማ ላይ አስቀመጣት። እኔ ስለ ሙዚቃ ምን አውቄ ብትለው፣ ማወቅ እንደማያስፈልጋት ነገራት።

«ጆሮሽን ሲወጋሽ እጅሽን አንሺ። ሲተውሽ አውርጂው።»

አዳራሹን ገና ሲከፍተው እጇ ተነሣ። ቢቀንስ ቢጨምር ምን ያህል እንደነካው የሚያውቅበት ምልክት አጣ፤ በጆሮው የሚመራበት ነገር አልነበረውም፣ ሶፍትዌሩም ምንም አያሳይም። ቆርቆሮውም እንደዚያው ሆነበት። ብዙ ቆይቶ፣ ሰው የሚያየው ይመስል ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና፣ የሕፃናቱን ከፈተ።

የሃይሃቱ ካሬ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ አበጠ። የሚስቱ እጅ ተነሣ። ማውዙን ይዞ ቀነሰ፤ ካሬው ከቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ተለወጠ። እጇ አልወረደም። ቀነሰ። ለእሱ ተርፎ የነበረው ስስ ድምፅ ያን ጊዜ ጠፋ። እጇ ግን አሁንም እንደተነሣ ነው።

«አሁንም?»

«አሁንም ትንሽ።»

የማይሰማውን ድምፅ ቀነሰ። ካሬው አረንጓዴ ሆኖ የባቄላ ፍሬ አከለ። ሚስቱ እጇን አወረደች።

«ይኼ ደስ ይላል» አለች። «ከልቤ ነው፣ ደስ ይላል።»

ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለቀቀው። ትልቁ ከበሮ መጣ፣ ትንሹ ተከተለ፣ የዘፋኟ ድምፅ ገባ። ጥርሱ ባለበት ቦታ ለእሱ ምንም የለም፤ አረንጓዴዋ ካሬ ብቻ በዝምታ ቦግ እልም ትላለች። ቁልቁል ሲያይ የሚስቱ እግር ሳታውቀው ወለሉን እየመታ ነው። የምትመታው ከካሬዋ ጋር ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ያንን እግር አየ።

እንዲህ ያለ ዘፈን ሌላ ሰው ሠርቶ ቢያመጣለት ጥርስ የለውም ብሎ ይመልሰው ነበር። ለዘፋኟ ላከላት።

ሚስቱ መጋረጃው የሚፈለግበት ቀን ደርሶ ስለነበር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱም ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ጠበቀ። ለሚቀጥለው ዘፈንም፣ ከዚያ ለሚከተለውም እጇን እንድታነሣለት መለመን ሊኖርበት ነው፤ እሷንም ሥራ እያስፈታ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አያውቅም። ከግድግዳው ማዶ ዱግ ዱግ ሲል ተሰማው። ሲጢጥታውንም ለመስማት ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ፤ አልመጣም።

ስልኩ በራ። ዘፋኟ ናት።

«ጋሼ፣ አሁን ነው የሆነው። እንደ ድሮህ። ከሦስቱ የትኛውን መረጥክ?»

ደህና ድምፅ ያለውን ብሎ ጻፈና አጠፋው። እውነቱን ሊነግራት ጀመረና እሱንም አጠፋው። ከዚያ «የሚታየውን» ብሎ ላከላትና አዳራሹንና ቆርቆሮውን ከኮምፒውተሩ ላይ አራገፋቸው።