በኖራ የተሰመረ ቤት

የቢሮው ሰዎች አለቃቸውን በሌለበት «ጋሽ መስታወት» ይሉታል። ሆስፒታል ንደፍ ቢሉት መስታወት፣ ትምህርት ቤት ቢሉት መስታወት፤ የዶሮ ቤት ቢያዙትም ከመስታወት አያልፍም። ምላሱ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ጨለማ ሸጦልህ ብርሃን ገዛሁ ብለህ ትሄዳለህ። አርክቴክቷ አብራው ስትሠራ በዚህ ጠባዩ ስትስቅ ነው የኖረችው። ያን ቀን ጠዋት ግን የአሮጌው ግቢ ንድፍ ተቀይሮ ጠረጴዛዋ ላይ ሲጠብቃት አልሳቀችም።

አሮጌው ግቢ ለእሷ እንደ ሌላው ሥራ አይደለም። የእናቷ ታላቅ እህት፣ እቴቴ የምትላት አክስቷ፣ የምትኖርበት ነው። ትልቁን የእንጨት በር አልፈው ሲገቡ ድንጋይ የተነጠፈ ሜዳ አለ፤ መሀሉ ላይ ሁሉም ልብሱን የሚያጥብበት የድንጋይ ገንዳ፣ ዙሪያውን በራቸው ፊት ለፊት የሚተያይ ቤቶች። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን አይሞቅም፣ ሌሊት አይበርድም። አንዷ ታማ ከተኛች የልብስ ገመዷ ባዶ መዋሉን አይቶ በሯን የሚያንኳኳ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል? አፍርሶ መሥራቱንማ ማንም ያውቅበታል።

እርግጥ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቧንቧው ዝጓል፣ ደረጃው ሰው በረገጠው ቁጥር ያቃስታል። መታደሱ ግድ ነበር። ላዩ ላይ አንድ ፎቅ ጨምሮ ለራሱ ሊይዝ፣ በምትኩ እድሳቱን ሊሸፍን የተስማማ ባለሀብትም ተገኘ። ቤቶቹ የነዋሪዎቹ ናቸውና ያለ እነሱ ፊርማ አንድ ድንጋይ አይነቀልም። እነሱ ደግሞ ፈሩ። «አንዴ ከወጣን ማን ይመልሰናል? ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን» አሉ። ያኔ ነው አርክቴክቷ መሀላቸው ቆማ የማለችው፦ «እቴቴን ይንሳኝ! ገንዳው ከነውሃው፣ በሩ ከነመግቢያው፣ እናንተም በየቦታችሁ ትመለሳላችሁ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መሐላው ወጣ።

አሠራሯም ለየት ያለ ነበር። ፕላን ማንበብ ሙያ ነው፤ ሰው ደግሞ አልገባኝም ማለት ያሳፍረዋል፤ ወረቀት ስታሳየው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቅልሃል። ስለዚህ ቤቱን በልኩ መሬት ላይ በኖራ ታሰምረዋለች። እዚህም ጎረቤቶቹ ግቢው ሜዳ ላይ በመስመሮቹ መሀል ሲመላለሱ «ምድጃዬ እዚህ ጋ አይሆንም»፣ «አንተ ደግሞ በርህን ወደዚያ ሳብ አድርግ» እየተባባሉ ተጨቃጨቁ፤ መስመሩን በእግራቸው እያጠፉ አስቀየሯት። ንድፉ የተወለደው ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። የጣሪያው ዝናብ ወደ ገንዳው እንዲወርድ፣ የሚነቀለው ድንጋይ ተመልሶ ለአዲሱ ፎቅ እንዲውል፣ አዲሱም ፎቅ ፊቱን ወደ ግቢው እንዲያዞር ተስማሙ።

አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ወረቀት ከዚያ ሁሉ የተረፈው የፊት ግድግዳውና ትልቁ በር ብቻ ነው። ከኋላው መስታወት ተገትሯል። ከላይ በትልቁ «ታሪክን የጠበቀ፣ ተፈጥሮን ያከበረ፣ ለጋራ ኑሮ የታሰበ» ይላል፤ በየሰገነቱም በኮምፒውተር የበቀለ ዛፍ አለ።

ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች። «ይሄ የኔ ንድፍ አይደለም።»

«ያንቺው ነው፣ ትንሽ ተሻሻለ እንጂ። ስምሽም አለበት።»

«ግቢው የት ገባ?»

«ወደ ሱቅ ተቀየረ። ባለሀብቱ ጠየቀ፣ እኔም አሳመርኩት።»

«ሰዎቹ እኮ አያውቁም!»

«አንቺ ታስረጃቸዋለሻ። የሚያምኑት አንቺን ነው። ከሰዓት በኋላ ይፈርማሉ።»

ደሟ የፈላው ያን ጊዜ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ ለካ መጫኛው እሷ እንድትሆን ነው የታሰበው! በአክስቷ ስም የማለችውን መሐላ ሰውየው እንደ ቢሮ ዕቃ ሊገለገልበት ነው። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ነዋሪዎቹ ከግቢው ክፍሎች ሰፊው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ መስታወት በፕሮጀክተር ሥዕሎቹን እያሳለፈ አብራራ፤ ፀሐይ፣ ዛፍ፣ የሚስቁ ሰዎች። ሰዉ አጨበጨበ። እቴቴ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «የኔዋ ልጅ እኮ ናት የሠራችው» ስትል አርክቴክቷ ሰማቻት።

«በሉ፣ የቀረውን ልጃችሁ ትንገራችሁ» አለ አለቃዋ።

ተነሳች። «እኔ ከመናገር ማሰመር ይቀናኛል። ኑ ውጡ።»

ከደረጃው ሥር ከባለፈው የተረፈውን ኖራ አወጣች። አንድም ነገር ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ አሰመረችው። ሰዎቹ እንደለመዱት በመስመሮቹ መሀል መመላለስ ጀመሩ። አለቃዋ ፈገግታውን ባይጥልም ላብ ላብ አለው።

«ገንዳው ምን ውስጥ ነው ያለው?» አሉ ጡረተኛው መምህር፣ ለፊርማ ያወጡትን እስክሪብቶ እንደያዙ።

«ጫማ መሸጫ ውስጥ።»

«የኔ ቤትስ?» አለች እቴቴ።

«ላይ ነው፣ እቴቴ። ረጅም ኮሪደር ላይ። መስኮትሽ ወደ መንገዱ ነው።»

«ታዲያ ግቢውን በምን አየዋለሁ?»

«ግቢ የለም።»

እቴቴ ዞር አለች። እግሯን እየጎተተች እስከ ትልቁ በር ሄደች። ከበሩ ኋላ፣ ከደፉ ሳይርቅ፣ አንድ ወፍራም መስመር ተሰምሯል።

«ይሄስ?»

«የሱቁ ግድግዳ።»

«በሩ ሲከፈት?»

«አይከፈትም።»

ጋሽ መስታወት ዘለል ብሎ መሀላቸው ገባ። «እማማ፣ በሩ እኮ አይነካም! ይጸዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ መብራት ይበራበታል። ለታሪክ ብለን ነው የተውነው።»

«ደግ አድርጋችኋል» አለች እቴቴ። «ታሪኩስ በየት በኩል ይገባል?»

አንዱ ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። መምህሩ እስክሪብቷቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ፤ ሁሉም በአንድ አፍ ጮኸ፤ ቅድም እቴቴ ጠጋ ብላ ያወራቻት ጎረቤት ከሁሉም በላይ ጮኸች።

አለቃዋ ወደ አርክቴክቷ ጆሮ ጠጋ አለ። «ቢሮ እንዳትመለሺ።»

ይህን እንደሚላት አውቃ ነው ኖራውን ያነሳችው። «ስሜን ከወረቀቱ ላይ ያውጡልኝ እንጂ አልመለስም» አለችው።

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ገሰገሰ።

«ቆይ ልጄ፣ ወዴት ነው?» አለች እቴቴ። «እዚያ ጋ እኮ ግድግዳ ነው። አንተው ነህ ያቆምከው።»

ሰውየው እውነትም ቆመ። አንድ እግሩን አንስቶ መስመሩን አየው፤ ዞር ብሎም ሌላ መውጫ ፈለገ። ግቢው ግን ከጥንትም መውጫው አንድ ነው። ሕዝቡ እያየው ግድግዳውን ረግጦ አለፈ፤ ጥቁር ጫማው ነጭ ሆኖ ወጣ።

እቴቴ መጥረጊያዋን አንስታ ከበሩ ኋላ ያለውን መስመር ጠረገችው። ሌላውን አልነካችም። ከዚያ የኖራውን ጣሳ ለአርክቴክቷ አቀበለቻት።

«በይ» አለቻት፣ «ከዚህ ጀምሪ።»