ኧረ እርስዎ ይቅደሙ

የድርጅቱ ድረ ገጽ ለመከፈት ስምንት ሰከንድ ይፈጃል። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። የፊት ገጹ ላይ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቤት የሚያህል ፎቶ፣ ምንም ሳይቀነስለት እንዳለ የተጫነ። ታዲያ ማን ደፍሮ ይንገረው? "ፊትዎ ከበደን" ይባላል እንዴ?

ሥራ አስኪያጁ ግን አንድ ጽሑፍ አነበበና "ችግሩ ሉፕ ነው" ብሎ መጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ሉፕ ማለት ኮምፒውተሩ አንድ ዝርዝር ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ የሚያዳርስበት ትእዛዝ ነው። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን የማድረጊያ ብዙ መንገድ አለ፤ የቢሮው ሁለት ፕሮግራመሮችም በዚህ አይስማሙም። አንዷ ፎር በሚባለው ትጽፋለች። ከዜሮ ጀምራ ራሷ እየቆጠረች ስለምትሄድ "ቆጣሪዋ" የሚል ስም ወጥቶላታል። ሌላው፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው አዛውንት፣ ፎርኢች የሚባለውን ይወዳሉ። "ዝርዝሩን ራሱን አዳርስ በይውና ተገላገይ" ይሏታል። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ሲቀላለዱ እንጂ ሲጣሉ ያየ የለም።

"ከሁለታችሁ አንዳችሁ ይበቃኛል" አለ ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት። "አርባ ሺህ የደንበኛ ስም፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ሙከራ። የፈጠነ ይቀራል፣ የዘገየ ዕቃውን ይሰበስባል።"

ቆጣሪዋ ቤት ሁለት ልጆችና ሥራ የፈታ ባል አሏት። ጋሼ ደግሞ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ነው የቀራቸው፤ አሁን ከተባረሩ እሱም ቀረ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ የማያውቀውን አንድ ነገር ሁለቱም ያውቃሉ። ድረ ገጽ የሚታይበት ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ ተከፍቶ መጀመሪያ የሚሠራው ኮድ ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩ ገና ሰውነቱን አላፍታታም። ቀጥሎ የሚመጣው በሞቀው ላይ ይሮጣል። ይህን ያስተማሯት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። እንግዲህ የቀደመ ይሸነፋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ" አለች ወንበሩን ስባ።

"ኧረ በጭራሽ። አንቺ እያለሽ?"

"በሞቴ ጋሼ። ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም።"

"እኔ ልሙትልሽ ልጄ፣ አንቺ ስትቀድሚ ነው ደስ የሚለኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ መከባበር በዚህ ዘመን አየሁ ብሎ ጸሐፊዋን ቃለ ጉባኤ አስያዛት። እሷም አንድ ሳታስቀር ጻፈች፦ "ሦስት ሰዓት ከሩብ፦ እርስዎ ይቅደሙ። ሦስት ሰዓት ከሃያ፦ ኧረ አንቺ።" እንዲህ እንዲህ ሲባል አምስት ሰዓት ሆነ። ወረቀቱ አልቆ ሌላ መጣ።

ቆጣሪዋ ቀና ብላ ጋሼን አየቻቸው። መቆሙ አድክሟቸው በአንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘዋል፤ በሌላው አሁንም "ቅደሚ" ይሏታል። ያን ጊዜ ራሷን ጠላች። ሁለት ሰዓት ያህል በአክብሮት ስም ሽማግሌ ወደ ገደል ስትገፋ ነበር። እሳቸውም እሷን ሲገፉ ነበር፣ አዎ፤ ቢሆንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ተቀመጠችና ቁልፉን ተጫነች። አሥራ አንድ ሚሊሰከንድ፤ አንዱ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው።

"ተራዎ ነው ጋሼ" አለች ወንበሩን ለቃ።

ጋሼ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ኮምፒውተሩ ሞቋል፤ ቁልፉን ቢነኩ ሰባት ሚሊሰከንድም አይፈጅባቸውም። እሳቸው ግን ብራውዘሩን ዘጉት። ከዚያም እንደ አዲስ ከፈቱት። ቆጣሪዋ እጃቸውን ልትይዝ ተንጠራራች፣ አልደረሰችም። አሥራ አራት ሚሊሰከንድ።

"ምን አደረጉ ጋሼ?" አለች በሹክሹክታ።

"እኩል ይሁን ብዬ ነው" አሉ። "አሁን ዝም በይ፣ ልጆች አሉሽ።" ኮታቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። "በሦስት ሚሊሰከንድ አሸነፍሽ። ለመሆኑ ሦስት ሚሊሰከንድ ምን ያህል ነው?"

ቆጣሪዋ ወደ እሱ ዞረች። "ዓይንዎን ይጨፍኑና ይግለጡ" አለችው። ጨፍኖ ገለጠ። "አሁን የፈጀብዎ ቢያንስ መቶ ሚሊሰከንድ ነው። በሦስት ሚሊሰከንድ አንድ ሰው ካባረሩ፣ አንዴ ጨፍነው እስኪገልጡ ሠላሳ ሦስት ሰው ያባርራሉ።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "ስንት ነን?"

"እርስዎን ጨምሮ ሃያ ስምንት።"

"ታዲያ ሠላሳ ሦስቱን ከየት ላመጣ ነው?" አለ ከልቡ ተጨንቆ፣ ዓይኑንም አርገበገበ።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ቦርሳዋን አነሳች። ሒሳብ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አጠፋ። ከዚያ ሁሉም ወንበሩን እየገፋ ተነሣ።

ጋሼ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰምተው ዞሩ። "ወዴት ነው?" አሉ።

"ተባርረን ነው፤ ዓይናቸውን አርገበገቡ" አለች ጸሐፊዋ።

ቆጣሪዋ ለልጆቿ ምን እንደምትላቸው ገና አላሰበችም። የጋሼን ኮት ተቀብላ ክንዷ ላይ አደረገችና ደረጃውን አብራቸው ወረደች።