በሦስት ቋንቋ የተጠራው

ሀዊ እንደገና አዛጋች። መንጋጋዋ ተላቆ የሚቀር እስኪመስል ተከፈተ፤ ዓይኖቿ ግን አልተጨፈኑም። አያቷ ከተቀበሩ አራተኛ ቀን ነው፤ ልጅቷ ከውሃ በቀር የቀመሰችው የለም።

«የእናትሽ ዛር ነው» አለቻት ጎረቤቷ ራሂማ የሀዊን እናት ጀማነሽን፣ ከደጃፉ ሳታልፍ። «ያወረሱት ላንቺ ነበር። እምቢ ስትዪው ወደ ልጅሽ ዞረ። ተቀበዪውና ትዳን።»

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምኑን ነው የምቀበለው?» አለች ጀማነሽ። ሦስተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት ናት፤ የቤት ኪራይ ውል እንኳ ሁለት ሦስት ሰው ሳያነብላት አትፈርምም። «እስቲ ዛር ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?»

ራሂማ አባቷ ቁርአን ያስቀሯት የወሎ ልጅ ናት። «በዐረብኛ ዛረ ማለት ጎበኘ ነው። ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እንግዳ በዪው በቃ።»

«እንግዳማ ይሄዳል» አለች ጀማነሽና ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ ቋንቋ ያውቃሉ የሚባሉትን ጋሽ አባዲን ልትጠይቅ ከካዛንቺስ ወደ ለገሃር ወረደች።

ጋሽ አባዲ በባቡር ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ራሂማ ያለቻትንና ጥያቄዋን ሰምተው ሳቁ።

«ሱማሌዎቹ ሳር ይሉታል። እናቴ ደግሞ አገው ነበረች፤ ድሮ ጃር የሰማይ አምላክ ስም ነበር ትለኝ ነበር። አምላክነቱ ቀረና ስሙ ሜዳ ላይ ወደቀ።» ድንገት ሳቃቸው ቆመ። «ለመሆኑ እናትሽ ማን ብለው ይጠሩት ነበር?»

«‹እሳቸው› ነበር የሚሉት። ስሙን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።»

«አየሽ፣ የኔ ልጅ። ስሙን ማንሳት መጥራት ነው፤ አንቺ እየጠየቅሽ በዐረብኛ፣ በሱማሊኛ፣ በአገውኛ፣ በሦስት ቋንቋ ጠራሽው።»

ሽቅብ ስትመለስ ኮቴ ተከተላት። ስትቆም ይቆማል፤ ስትራመድ ይራመዳል። በጠራራ ፀሐይ፣ ወያላው «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» እያለ እየጮኸ። አልዞረችም። እልኋ መጣ።

«የጠራሁህ እኔ ነኝ» አለች ፊት ፊቷን እያየች። «ልጅቷ አልጠራችህም። ዛር ከሆንክ ወደ ጠራህ ና።»

ኮቴው ጠፋ።

ቤት ስትገባ ሀዊ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ራሂማ ሾርባ በማንኪያ ታጠጣታለች።

«እማዬ፣ የት ጠፋሽ? ራበኝ እኮ» አለች ልጅቷ፣ በገዛ ድምጿ።

ጀማነሽ ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ዐረብኛም አማርኛም አልነበረም፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ እሷ የማታውቀው ንግግር ነበር። የራሂማ እጅ ማንኪያውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ፣ እማዬ?»

ጀማነሽም የገዛ አፏ የሚለውን ለመስማት ጆሮዋን አቁማ ነበር።