ዳክዬዋ ያንቺ ናት

ሜትሮ የሚሉት ልብስ ሰፊ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልክ ወረቀት ላይ ጽፎ አያውቅም። ወገቡንም ትከሻውንም ከሰውየው ወሬ ጋር አጣብቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የሚያኖረው። ፖስተኛው ወገቡ ሰማንያ አምስት ነበር፤ ሚስቱ ካኮረፈችው ወዲህ ሰማንያ። አያያዙ እንዲህ ነው።

ዘንድሮ ግን ሁለቴ የአንዱን ሱሪ በሌላው ልክ ቆረጠ። ሴት ልጁ ደነገጠች።

«አባዬ፣ ሐኪም ይይህ። መርሳት ከጀመርክ ሱቁ ይዘጋል፣ እኔ ጋ ትገባለህ።»

ሆድ ባሰው፤ ግን ከልጁ ጋር ሄደ እንጂ ምን ያደርጋል።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። አሥር ቃል አነበበችለት፣ ትንሽ አስወራችውና «እስቲ ይድገሙልኝ አባባ» አለችው። ሁለት ብቻ አስታወሰ! ልጁ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

«ለመሆኑ ጭንቅላት ቃል የሚይዘው እንዴት ነው?» አለ፣ እልህ ይዞት።

«ግንባርዎ ጋ ያለው ይመርጣል፣ መልክ ያስይዛል። ከጆሮዎ ወዲህ ያለው ትርጉሙን ያውቃል። ጠለቅ ብላ ደግሞ አንዲት ትንሽዬ አለች፤ ሁሉን አያይዛ የምታስቀምጠው እሷ ናት። የእርስዎ ትንሽ ደክማለች።»

«አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ጨርቁን ያውቃል፣ አንዷ ትሰፋለች በይኛ! ታዲያ ያለ ጨርቅ ባዶ ክር ታቀብዪኛለሽ? በይ ሌላ አንብቢ፤ በራሴ አሠራር ልያዘው።»

እየሳቀች ሌላ አሥር አነበበችለት። ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር እየዳበሰ ሰማ። ጥቂት ቆይታ ጠየቀችው።

«መሰላል፤ ፖስተኛው፣ ሚስቱ በሩን ዘግታበት በመስኮት ሲገባ። ደወል፤ ያቺ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ምስጢር ሆዷ አያድርም፣ ወገቧ መቶ አሥር...»

«ኧረ አባዬ፣ የሰው ገመና!»

«ዝም በይ፣ ክሩ ይበጠስብኛል።»

ሰባት ደረሰ። ስምንተኛው ላይ ወደ ልጁ ዞረ፤ ድምፁ ለዘብ አለ።

«ዳክዬ። እሷ ያንቺ ናት። ባለፈው ስለካሽ ወገብሽ አራት ጣት ጨምሯል። ለሕፃኑ ልብስ ደረቱ ላይ ዳክዬ እጠልፍለታለሁ ብያለሁ።»

ልጁ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እንባዋ መጣ።

«ለማንም አልተናገርኩም እኮ... ነግሬህ ብትረሳውስ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ብረሳው ደግመሽ ትነግሪኛለሻ፣ አንቺ ሞኝ! በየቀኑ እንደ አዲስ የምሥራች የሚነገረው ሰው የት ይገኛል?»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሱቁ አይዘጋም። ልኩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይጻፍ።»

«ወረቀት ወሬ አያውቅም» ብሎ አጉረመረመ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ደብተር ይዛ ትመጣለች፤ ልኩንም ወሬውንም ትጽፍለታለች። የመጀመሪያው ገጽ የሕፃኑ ነው። ልኩ ገና ባዶ ነው፤ ወሬው ግን ሰፈሩን አዳርሷል። ማን እንዳወራው አትጠይቁኝ።