ከግንቡ ሥር ያሉት ጽጌረዳዎች

የልጄ ባል ግንበኛ ነው። አሮጌው ግንብ ሲጠገን ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ግንቡን በከበበው መናፈሻ ውስጥ በአትክልተኛነት ያረጀሁ ስለሆንኩ፣ "ለሱ እኔ አለሁ" ስል ኃላፊው አመነኝ። ታዲያ አማቼ አመሻሽ ላይ በጆንያ የተሸፈነ ጋሪ እየገፋ በጓሮ በር ሲወጣ ባየው ሆዴ ሻከረ።

ምን እንደያዘ ብጠይቀው ፍርስራሽ ነው አለኝ። ፍርስራሽ የሚወጣው በዋናው በር ነው፤ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ጋሪው ባለፈበት መንገድ ጎንበስ ብዬ ብፈልግ የጥርብ ድንጋይ ስባሪ አገኘሁ። የድሮ ጥርብ ደግሞ ሀብታም ለአጥሩ የሚሻማበት ነገር ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፣ ይሄ ግን ግንብ ሊልስ ነው አልኩ በልቤ። ልጄን ብጠይቃት ዓይኗን ሰበረችብኝ። ለካ እሷም ታውቃለች ብዬ እርር አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ለኃላፊው ነገርኩት። ቀድሜ ካልተናገርኩ ተባባሪ እባላለሁ ብዬ ነው፤ ተናድጄም ነው። ከሰዓት መጥቼ አያለሁ አለ።

ከምሳ በኋላ ጽጌረዳዎቼን ላጠጣ ሄድኩ። ከግንቡ ግድግዳ ሥር ደርድሬ የተከልኳቸው ኩራቶቼ ናቸው፤ ለፎቶ የሚመጣ ሙሽራ ሁሉ እዚያ ነው የሚቆመው። ቧንቧውን ስከፍት አማቼ ከመሰላሉ ወርዶ ዘጋው።

"እማማ፣ ከእንግዲህ እዚህ ጋ ውሃ ይቅር" አለኝ። "እንዳያዝኑ ብዬ ነው እስካሁን ያልነገርኩዎት።"

ከጽጌረዳዎቹ ጀርባ ያለውን ድንጋይ በጣቱ ጫር ሲያደርገው እንደ ረጠበ ስኳር ተናደ። ስንት ዓመት ያጠጣሁት ውሃ ግድግዳውን ከሥሩ በልቶታል። እሱ የበሰበሰውን እያወጣ ደህና ድንጋይ ሲተካ፣ ኃላፊው አይቶ እንዳይጠይቅ ፍርስራሹን በጓሮ ሲያስወጣ ነበር የከረመው። ልጄም ይህንኑ ነው የደበቀችኝ።

"ካወቁ ያባርሩዎታል" አለ። "ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ሳይታይ እጨርሰዋለሁ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። በቁሜ አፈርኩ። በዛፎቹ መሀል ኃላፊው ዘበኛውን አስከትሎ ሲመጣ ታየኝ። አማቼም አያቸውና ጋሪውን በጆንያ ሊሸፍን ተጣደፈ።

"ማን ነገራቸው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። ጆንያውን ከእጁ ወስጄ መሬት ጣልኩና የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ወደ ኃላፊው ሄድኩ።