በአንድ እጅ የሚሠራ ፎቶ

ዓሪፍ በመርሳ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። በ2013 ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ሀብሩ ወረዳ ሲደርስ ከነቤተሰቡ ከከተማው ወጣ። መንገድ ላይ የወደቀ ከባድ መሣሪያ አንድ ልጁን አሚርን ገደለበት፤ የራሱን ግራ እጅ ደግሞ ከክርኑ በታች ወሰደው። አሚር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዓሪፍን በሰው መኪና ጭነው ወደ ሐኪም ሲወስዱት ልጁን የቀበሩት የማያውቋቸው የመንገድ ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ቡርቱካን ራቅ ብላ ከግራር ሥር ቆማ አይታለች። ያየችውን ለባሏ ነግራው አታውቅም፤ እሱም አልጠየቃት።

ከስደት ሲመለሱ ፎቶ ቤቱ ተዘርፎ ባዶውን ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ብቻ፣ ቡርቱካን ከመውጣታቸው በፊት ጓሮ ጭድ ውስጥ ቀብራው ስለነበር ተረፈ። መብራት ሲመጣ ሰዉም መምጣት ጀመረ። ድሮ ለሠርግና ለመታወቂያ ነበር የሚመጣው። አሁን የሚበዛው የሟች ጉርድ ፎቶ ይዞ ነው፤ ከእናቱ ጎን አቁምልኝ፣ ከልጆቹ መሀል አስቀምጥልኝ ይላል።

ሥራውን ዓሪፍ ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራው ነበር። የሟቹን ምስል ከጀርባው ቆርጦ ያወጣና በቤተሰቡ ፎቶ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ያነጥፈዋል፤ ፎቶ ቤቶች ሌየር ይሉታል። ከዚያ ጠርዙን በማውዝ ይዞ እየጎተተ ያሳድገዋል፣ ያሳንሰዋል፣ ያዞረዋል። ችግሩ፣ በቀኝ እጁ ሲጎትት በግራው ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ አለበት። ቁልፉ ከተለቀቀ ፊቱ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ወይ ወደ ላይ ይሳባል። በተቆረጠው ክንዱ ሊጫን ሞክሮ ነበር፤ ጉቶው ሦስት አራት ቁልፍ ባንዴ እየነካ ሥራውን ያበላሽበታል።

ስለዚህ ቡርቱካን ግራ እጁ ሆነች። አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጥና "ያዢ" ሲላት ትይዛለች፣ "ልቀቂ" ሲላት ትለቃለች። ሌላ ወሬ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ የሰው ሬሳ ሲያቆሙ ይውላሉ።

አንድ የገበያ ቀን እማማ ደብሪቱ የሚባሉ የደጋ ሴት ጥቁር ለብሰው መጡ። የልጃቸውን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎቶ ከራሳቸው ፎቶ ጋር በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል።

"ከኔ ጎን አቁምልኝ" አሉ። "ግን እንደዚህ ልጅ አይደለም። ሲሞት ከኔ በራስ ይበልጥ ነበር።"

"ይቀመጡ እማማ፣ አሁን ያያሉ" አለ ዓሪፍ።

ልጁን ከጎናቸው አነጠፈና ጠርዙን ያዘ። "ያዢ" አለ። ቡርቱካን ያዘች። ልጁ ቀስ እያለ አደገ፤ እናቱ ትከሻ ደረሰ፣ ጆሯቸው ጋ ደረሰ። ቡርቱካን ዓይኗን ከልጁ ላይ መንቀል አቃታት። ጣቷ መቼ ከቁልፉ እንደተነሣ አላወቀችም። ፊቱ ድንገት ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ዓይኖቹ ተራራቁ፣ አፉ ሰፋ።

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እንዲህ አልነበረም ልጄ" አሉ ዝግ ብለው።

ዓሪፍ ፊቱን ወዲያው ወደነበረበት መለሰው፤ ሴትዮዋ ግን አይተውታል። ቡርቱካን ተነሥታ ወጣች። ማታ ራት ስታቀርብ "ከእንግዲህ እጄን አትጠይቀኝ" አለችው።

የቡርቱካን ታናሽ እህት ሉብና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ትምህርት ስላልተጀመረ እነሱ ጋ ነው ያለችው። የሆነውን ስትሰማ ፎቶ ቤት ሄዳ የዓሪፍን አሠራር ቁጭ ብላ አየች።

"ጋሼ፣ ይኼ ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ነው። የፈለገ ሰው ውስጡ ገብቶ ማሻሻል ይችላል" አለችው። "ለምን ቁልፍ መያዝ እንዳለብዎ አይገባኝም። ፊት እንዲለጠጥ የሚፈልግ ሰው አለ እንዴ?"

"ያው ሁለት እጅ ላለው ሰው ነዋ የተሠራው" አለ።

መጀመሪያ የሠራችው አልሆነም። ምስሉ እንዳይለጠጥ የሚቆልፍ ምልክት ዳር ላይ አስቀመጠችለት፤ አዲስ ሌየር በተነጠፈ ቁጥር ግን ራሱ ይከፈታል። ዓሪፍ መልሶ መቆለፉን እየረሳ ሁለት ፎቶ አበላሸ። ምስሉ ጠርዝ ላይ ያሉት፣ በማውዝ የሚጎተቱት መያዣዎችም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ ስለሆኑ፣ ሊያሳድግ ሲል ምስሉ ይዞርበታል። ሉብና ይኼን አይታ እንደገና ሥራው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ደከመች። በመጨረሻ ፊት ካልፈቀዱለት በቀር የማይለጠጥ ሆነ። መያዣዎቹ ትልልቅ ሆኑ፤ ማሳደግ ለብቻ፣ ማዞር ለብቻ፣ ማንቀሳቀስ ለብቻ ሆነ።

ዓሪፍ የእማማ ደብሪቱን ልጅ ብቻውን አቆመው። እማማ ተመልሰው ሲመጡ ፎቶውን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። "አዎ፣ እሱ ነው" አሉና መሐረባቸው ውስጥ አስገቡት።

ሉብና ትምህርት ሲጀመር ወደ ወልድያ ተመለሰች። ዓሪፍም ብቻውን ይሠራ ጀመር። ሥራው ቀለለው፤ ቀኑ ግን ከበደው። ያኔ ቢያንስ ከጎኑ የሚተነፍስ ሰው ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ደንበኛ አልነበረም። የራሱንና የቡርቱካንን የድሮ ፎቶ ከፈተ። አሚርን ከዘመድ ሠርግ ፎቶ ላይ ቆርጦ አወጣና መሀላቸው አነጠፈው። እያሳደገው ሳለ ቡርቱካን ምሳውን ይዛ ገባች፤ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

"ማን አድርግ አለህ?" አለችው።

"ማንም።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ወደኔ አስጠጋው" አለች። አስጠጋው። "አንገቱን እንዲህ አይደለም የሚይዘው። ትንሽ ያዘነብላል።" አዘነበለው። ምስሉ አልተበላሸም።

ቡርቱካን ሳህኑን አስቀመጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። "የቀበሩት በራሱ ጋቢ ነው። ፊቱ ደህና ነበር፣ ዓሪፍ። ምንም አልነካውም። ይኼንን ልነግርህ ፈልጌ፣ ስለ ፊቱ ከነገርኩህ ስለ ሌላው ትጠይቀኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

"አልጠይቅሽም" አለ።

"አጥፋው። እንዲህ ሆነን ፎቶ ተነሥተን አናውቅም። ውሸት ነው።"

ዓሪፍ ሌየሩን ሳይሰርዝ ደበቀው። አሚር ከመሀላቸው ጠፋ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"አጠፋኸው?"

"አጠፋሁት።"

ቡርቱካን ከባሏ ጋር ያን ሁሉ ቀን ተቀምጣ ሠርታለች። የተሰረዘ ሌየር ከዳር ካለው ዝርዝር እንደሚጠፋ፣ የተደበቀ ግን እዚያው ቆይቶ ሲፈለግ ተመልሶ እንደሚታይ ታውቃለች። ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው።

"ብላ፣ ቀዘቀዘ" አለችው።